ፊልም በወረቀት ላይ ሲከስር ይሻላል

ጀማሪው የፊልም ጸሐፊ ካሜራ ከመከራየቱ፣ ባለገንዘቡም እጁን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ሊሠራው የሚገባ ሂሳብ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መርካቶ ከሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የመደብሩ ባለቤት ለሠላሳ ዓመት ያህል ጣቃ ሲዘረጉና ሲጠቀልሉ የኖሩ፣ የገበያውን ጠባይ ከነሐሜቱ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ጠረጴዛቸው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ሳይሆን የተጠረዘ 112 ገጽ ወረቀት ነበር።

ወረቀቱን ያመጣው የእህታቸው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ፊልም ልሠራ ነው» አለ እንደቆመ። ጽሑፉን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ለሥራው 900 ሺህ ብር እንደሚያስፈልገው፣ አጎቱ ባይሆንላቸው እናቱ የመኖሪያ ቤታቸውን ካርታ ለብድር መያዣ ለመስጠት መፍቀዳቸውን ተናገረ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ስትሰማ ነጋዴው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰኞ ና» ብለው ሸኙትና ወደዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ዞሩ።

«አንተ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ ትላለህ። ጨርቅ ቢሆን ዳስሼ አውቀዋለሁ። ይኼን በምን ልዳስሰው?»

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዛሬ በየሱቁና በየቢሮው ስክሪፕት ይዞ የሚመጣ ወንድም፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ አይጠፋም። ባለገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ፊልም የሥራ ፈት ሥራ ነው» ብሎ ያባርራል፣ ወይ በይሉኝታ ሰጥቶ ገንዘቡን እንደ ጠፋ ይቆጥራል። ሁለቱም ንግድ አይደሉም። ፊልም እንደማንኛውም ምርት ግብዓት፣ የማምረቻ ወጪ፣ ማከፋፈያና ሸማች ያለው ሥራ ነው። ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ስህተት ያለው ዋጋ ነው። ወረቀት ላይ የተሠራ ስህተት በእስክሪብቶ ይሰረዛል። ቀረጻ ላይ የተሠራው የሰው፣ የመኪናና የመሣሪያ ኪራይ ያስከፍላል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ የተገኘው ደግሞ ከነጭራሹ ላይታረም ይችላል።

ዝነኛው 7 ሺህ ዶላር

ልጁ አጎቱን ለማሳመን «በ7 ሺህ ዶላር ፊልም ተሠርቶ ሚሊዮን አስገብቷል» ብሎ ነበር። አባባሉ በመላው ዓለም ከሚገኙ ጀማሪዎች አፍ አይጠፋም፤ ሐሰትም አይደለም። ሮበርት ሮድሪጌዝ የተባለ የቴክሳስ ወጣት «ኤል ማሪያቺ» የተባለውን ፊልሙን ሲቀርጽ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ቀረጻው የተካሄደው ከአሜሪካ ድንበር ማዶ ሲዩዳድ አኩኛ በምትባል የሜክሲኮ ከተማ ሲሆን የፈጀውም 14 ቀን ነው። ከኪስ የወጣው ገንዘብ 7,225 ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ 3 ሺህ ያህሉን ያገኘው ለአንድ ወር ያህል የመድኃኒት ምርምር ተቋም ገብቶ የአዲስ መድኃኒት መሞከሪያ በመሆን ነው። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ፊልሙን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ለሲኒማ ሲያቀርበው በአሜሪካ ብቻ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገኝቷል።

ይሁን እንጂ ነጋዴ የሆነ ሰው ከዚህ ሂሳብ ውስጥ የጎደሉትን መስመሮች ወዲያው ማየት አለበት። ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ ያዡና አርታኢው አንድ ሰው ነበር፤ ለራሱም ደመወዝ አልከፈለም። ይህ ጉልበት ዋጋ የለውም ማለት ሳይሆን በመዝገብ አልሰፈረም ማለት ነው። በተጨማሪም በ7,225 ዶላር የተሠራው ነገር በሲኒማ ቤት ሊታይ የሚችል ቅጂ አልነበረም። ፊልሙን ለትልቅ ሸራ ለማብቃትና ድምፁን ለማስተካከል ኩባንያው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ጨምሮበታል። በመሆኑም 7,225 ዶላር የመነሻው ወጪ እንጂ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየው ፊልም ዋጋ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለጀማሪ የሚጠቅመው ሌላው ክፍል ነው። ሮድሪጌዝ ታሪኩን የጻፈው በእጁ ያለውን ከቆጠረ በኋላ ነው። ጓደኛው የሚኖርባት ከተማ አለች፤ አውቶቡስ፣ ውሻ፣ ኤሊና የጊታር ሣጥን ማግኘት ይቻላል። እነዚህን ሁሉ ታሪኩ ውስጥ አስገባቸው። ካሜራውን እያንቀሳቀሰ ለመቅረጽ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሲጠፋ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን አስገፋ። ከሁሉም በላይ ለማን እንደሚሸጥ አስቦ ነበር። መጀመሪያ ያለመው በስፓኒሽ ቋንቋ ለሚሸጡ የቪዲዮ ፊልሞች ገበያ ነው። ትልቁ ኩባንያ የመጣው በኋላ፣ እንደ ሎተሪ ነው። ሎተሪው ባይወጣ እንኳ 7 ሺህ ዶላር የምትመለስበት ትንሽ ገበያ ታስባ ነበር።

ሱቅ ውስጥ የተሠራው ፊልም

ለመርካቶ ሰው የበለጠ የሚቀርበው ምሳሌ የኬቪን ስሚዝ ነው። ይህ ሰው በኒው ጀርሲ አንድ አነስተኛ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነበር። ቀን ቀን ይሸጣል፤ ሱቁ ሲዘጋ በዚያው ሱቅ ውስጥ ስለ ሱቅ ሻጮች ፊልም ይቀርጻል። ሌሊት ስለሚሠሩ በመስኮት የቀን ብርሃን ሊገባ አይችልም፤ ታሪኩ ግን ቀን የሚፈጸም ነው። መፍትሔው ከስክሪፕቱ መጣ፤ የመዝጊያው ቁልፍ ማስቲካ ተጠቅጥቆበት አልከፈት አለ ተብሎ ተጻፈ። መዝጊያው እንደተዘጋ ፊልሙ ያልቃል። አንዲት የጽሑፍ መስመር የመብራት ኪራይንና የቦታ ኪራይን በአንድ ጊዜ አዳነች። «ክላርክስ» የተባለው ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ በ27,575 ዶላር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ከወጣ በኋላ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል።

ጀማሪው ግን አንድ ነገር አይርሳ። ስሚዝ ገንዘቡን ያሰባሰበው በርከት ያሉ የክሬዲት ካርዶችን እስከ ጣሪያቸው በመጠቀምና ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ባለሥዕል መጽሔቶች በመሸጥ ነው። ፊልሙ ባይሸጥ ኖሮ ዕዳው እስከ ዛሬ የሚነገርለት ጀግንነት ሳይሆን የአንድ ሱቅ ሻጭ መከራ ይሆን ነበር። በእንዲህ ያለ መንገድ ሄደው የከሰሩት ስለማይጻፍላቸው እኛ የምንሰማው ያተረፉትን ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ኖላን «ፎሎዊንግ» የተባለውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ሲሠራ ቀዝቀዝ ያለ መንገድ መርጧል። ሁሉም ተባባሪዎቹ የራሳቸው ሥራ ስለነበራቸው ለአንድ ዓመት ያህል በቅዳሜና እሑድ ብቻ ቀረጹ። ትልቁ ወጪ የፊልሙ ጥቅል በመሆኑ ተዋንያኑ ልምምዱን አስቀድመው ጨርሰው እያንዳንዱ ትዕይንት በአንድ ወይም በሁለት ሙከራ እንዲያልቅ ተደረገ። የልምምድ ጊዜ ነፃ ነበር፤ የፊልም ጥቅል ግን በዋጋ ነው። ውዱን ግብዓት ለመቆጠብ ርካሹን ማብዛት ማለት ይህ ነው።

በአገራችንም ያልታየ ነገር አይደለም። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1974፣ አገሪቱ በአብዮት ስትናጥ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በጥቁርና ነጭ ቀርጾታል። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ የአገር ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ ከዚያ ወዲህ በዓለም የፊልም መድረኮች ሲታይ ኖሯል።

ስክሪፕት የዋጋ ዝርዝር ነው

ጀማሪ ጸሐፊ ስክሪፕቱን እንደ ልብ ወለድ ያነበዋል። ልምድ ያለው ፕሮዲዩሰር ግን እንደ ደረሰኝ ያነበዋል። «ሰርጉ ደመቀ» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ነው። ለመቅረጽ ግን ድንኳን፣ መኪና፣ አልባሳትና 150 ታዳሚ ይፈልጋል። ታዳሚው በነፃ ቢመጣ እንኳ ምሳ ይበላል። ለአንድ ሰው 200 ብር ብቻ ቢታሰብ ምሳው 30 ሺህ ብር ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ነገም ይደገማል።

በመሆኑም ጀማሪው ጽሑፉን እንደጨረሰ ወደ ካሜራ አከራይ መሮጥ የለበትም። አስቀድሞ ስክሪፕቱን ትዕይንት በትዕይንት ይበትነው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ቦታው የት እንደሆነ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ስንት ተዋናይ እንደሚገባበት፣ ምን ዕቃ፣ መኪናና ልብስ እንደሚፈለግ በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። ከዚያም ወረቀቶቹ በታሪኩ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቦታቸው ይደርደሩ። በአንድ ግቢ የሚቀረጹት ሁሉ ምንም እንኳ አንዱ መጀመሪያ ሌላው መጨረሻ ላይ የሚታይ ቢሆን በተከታታይ ቀናት ያልቃሉ። ከቦታ ቦታ በተዛወሩ ቁጥር ግማሽ ቀን ይባክናል፤ ባክኖ የቀረው ግማሽ ቀን ደግሞ ሙሉ ኪራይ ያስከፍላል።

በፊልሙ ዓለም የታወቀ አንድ ግምት አለ፤ የስክሪፕት አንድ ገጽ የፊልም አንድ ደቂቃ ነው። ይህ የተወሰነ የእንግሊዝኛ ፊደል ዓይነትና አጻጻፍ ይዞ የመጣ ልማድ በመሆኑ ለአማርኛ ጽሑፍ በቀጥታ አይሠራም። የአማርኛው ጸሐፊ የሚያዋጣው ጓደኞቹን ሰብስቦ ጽሑፉን ጮክ ብሎ በማንበብ ሰዓት መያዝ ነው። ንባቡ ሌላም ጥቅም አለው። ወረቀት ላይ ያማረ ንግግር ከሰው አፍ ሲወጣ የሚሻክርበት ቦታ ወዲያው ይታወቃል። አድማጩ ማዛጋት የጀመረበትን ገጽ ምልክት ማድረግ ለፊልሙ ከሚደረግ የገበያ ጥናት ሁሉ ርካሹ ነው።

የ90 ደቂቃ ፊልም በ15 ቀን ይቀረጽ ከተባለ በየቀኑ 6 ደቂቃ የሚሆን የተጠናቀቀ ታሪክ መውጣት አለበት። ለጀማሪ ቡድን ይህ ከባድ ጭነት ነው። ቀኑ ወደ 30 ከፍ ቢል ደግሞ የመሣሪያ ኪራይ፣ ምግብና መጓጓዣ በእጥፍ ይጨምራል። የቦታ፣ የተዋናይና የሌሊት ትዕይንት ብዛት በወረቀት ላይ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። ታሪክ ሳይጎዳ መቀነስ የሚችል ጸሐፊ የገንዘብ ያህል ዋጋ አለው።

ካሜራው ረከሰ፤ ሌላውስ?

«ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ ከታየ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የተሠሩት የአማርኛ ረጅም ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዋናው ምክንያት የፊልሙ ጥቅል፣ ውጭ አገር ሄዶ መታጠቡና መሣሪያው ከግለሰብ አቅም በላይ መሆናቸው ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ዲጂታል ካሜራ ይህን ግድግዳ አፈረሰው። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ደጃፍ ለአማርኛ ፊልም ረጃጅም ሰልፍ ይታይ ጀመር። ቴዎድሮስ ተሾመን የመሰሉ ፊልም ሠሪዎች የራሳቸውን ሲኒማ ቤት እስከመክፈት ደረሱ።

ዛሬ ካሜራው በየሰው ኪስ አለ። «ታንጀሪን» የተባለው የሾን ቤከር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው በአይፎን 5ኤስ ተቀርጾ ነው። ነገር ግን የዚያ ፊልም ወጪ 100 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት። ካሜራው ስልክ ቢሆንም ተዋንያኑ ይበላሉ፣ ድምፁ ይቀረጻል፣ ምስሉ ይታረማል፣ ሙዚቃው ይገዛል። ካሜራ መርከሱ ከጠቅላላው ወጪ አንዱን መስመር ብቻ ነው የቀነሰው።

በተለይ በድምፅ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ውሎ አድሮ ያስከፍላል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ያልተሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። በአዲስ አበባ ጄኔሬተሩ፣ የመኪናው ጥሩምባና የጎረቤት ግንባታ ሁሉ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባሉ። ቦታ ሲመረጥ ለዐይን ብቻ ሳይሆን ለጆሮም መመረጥ አለበት። ሊቀረጽ በታሰበበት ሰዓት ቦታው ሄዶ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ ምንም አያስከፍልም።

የመጀመሪያው ሥራ ረጅም ፊልም እንዲሆን የሚያስገድድ ነገርም የለም። የአሥር ደቂቃ ፊልም በሁለትና በሦስት ቀን ይቀረጻል። ባለገንዘቡ ልጁ ሰው ማስተባበር፣ ቀን ማክበርና የጀመረውን መጨረስ መቻሉን የሚያየው በእሷ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ጣቃውን ከመግዛቱ በፊት ናሙና ቆርጦ እንደሚያየው መሆኑ ነው።

60 ጊዜ ጢም ያለ አዳራሽ

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ትኬቱ 100 ብር ነው እንበል፤ ሲኒማ ቤቱ ግማሹን ይወስዳል። ለፊልሙ ባለቤት ከአንድ ተመልካች የሚደርሰው 50 ብር ነው። የመርካቶው ወጣት የጠየቀውን 900 ሺህ ብር ለመመለስ ብቻ 18 ሺህ ተመልካች ያስፈልጋል። 300 ወንበር ባለው አዳራሽ 60 ጊዜ ጢም ብሎ መሙላት ማለት ነው። በአማካይ 100 ሰው ከገባ ደግሞ 180 ጊዜ መታየት አለበት። ማስታወቂያና ግብር ገና አልተነሡም።

ሌላ ስሌት እንውሰድ። በ400 ሺህ ብር የተሠራ ፊልም 10 ሺህ ተመልካች አገኘ። የትኬት ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብር ነው፤ ወሬውም በከተማው ይናኛል። ሲኒማ ቤቶቹ 500 ሺህ ወሰዱ። ፖስተርና ማስታወቂያ 80 ሺህ ፈጀ። ያዟዟረው ሰው ከቀሪው ግማሽ ሚሊዮን 10 በመቶ ማለትም 50 ሺህ አነሣ። ለባለቤቱ 370 ሺህ ተረፈ። «ሚሊዮን ገባ» የተባለለት ፊልም 30 ሺህ ብር ከስሯል።

በገቢው በኩል ያለው መንገድም ተለዋውጧል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ የከተማው ተመልካች ምሽት ቤቱ የሚውልበት አዲስ ምክንያት አገኘ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ። ቀድሞ የገቢ ምንጭ የነበረው የዲስክ ሽያጭ በሕገ ወጥ ቅጂ ሲደማ ቆይቶ በኢንተርኔት ተተካ። ዛሬ ጀማሪው ሲኒማ ቤትን፣ ቴሌቪዥን ጣቢያን፣ ዩቲዩብንና በውጭ አገር የሚኖረውን ወገን በየተራ እንዴት እንደሚደርስ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ በዩቲዩብ በነፃ የተለቀቀ ፊልም ትኬት አያስቆርጥም።

በዚህ ረገድ ከኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ያለቀው ይህ የባርነት ዘመን ፊልም በበርሊን ፌስቲቫል ቢወዳደርም በአሜሪካ የሚያከፋፍለው ኩባንያ አጣ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪክያና አይና ፊልሙን መሳቢያ ውስጥ አልቆለፉበትም። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት እያስተባበሩ አሳዩት። ሰው በአፍ እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ማከፋፈያውን በእጃቸው በማድረጋቸው ፊልሙ የሚያመጣው ገንዘብም ተመልካቹም ከእነሱ ጋር ቀረ።

አዳራሽ መከራየት ግን የራሱ አደጋ አለው። ባለ 300 ወንበሩን አዳራሽ ለአንድ ጊዜ በ10 ሺህ ብር ተከራየን እንበል፤ ትኬቱ ያው 100 ብር ነው። 280 ሰው ከመጣ በኪራይ 18 ሺህ ብር ይተርፋል፤ በግማሽ ክፍያ ቢሆን 14 ሺህ ነበር። 80 ሰው ከመጣ በኪራይ 2 ሺህ ብር ኪሳራ ነው፤ በግማሽ ክፍያ ግን 4 ሺህ ይገኝ ነበር። ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑት 200 ሰው ሲገባ ነው። ስለዚህ ተመልካቹን በስም ያህል የሚያውቅና አስቀድሞ ትኬት መሸጥ የሚችል ይከራይ፤ የማያውቅ ይካፈል።

ፊርማው ከቀረጻው ይቅደም

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። ጥበቃ የሚያገኘው ሐሳቡ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ሲገኝ ነው። ቡና ላይ የተነገረ ታሪክ በሌላ ሰው ፊልም ሆኖ ቢመጣ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል። በቅጥር ወይም በትዕዛዝ የተጻፈ ሥራ ደግሞ ውሉ ሌላ ካላለ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ «ጻፍልኝ» ለሚል ሰው የጻፈ እንደሆነ መብቱን ሳይሸጥ እንደ ሸጠ ይቆጠራል።

በእውነተኛ ታሪክ ላይ የሚሠራ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርበታል። በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በአዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆሙ ይታወሳል። ክርክሩ የተነሣው ፊልሙ ከተመሠረተበት እውነተኛ ታሪክ ጋር በተያያዘ ነበር። ቆይቶ ፊልሙ ለእይታ በቅቷል። ለጀማሪ ግን እንዲህ ያለ መዘግየት የሥራው ፍጻሜ ሊሆን ይችላል። የባለታሪክ ፈቃድ፣ የሙዚቃ ፈቃድ፣ የቦታ ባለቤት ፈቃድና የተዋንያን ውል ከመጀመሪያው የቀረጻ ቀን በፊት በአንድ ፋይል ውስጥ መገኘት አለባቸው።

በባለገንዘቡና በፊልም ሠሪው መካከል የሚደረገው ስምምነትም «ትርፉን እኩል» በሚል ቃል ብቻ አይታለፍ። ትርፍ ማለት ምን ምን ከተቀነሰ በኋላ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ዋናው ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ይካፈላሉ፣ የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ሽያጭ የማን ነው፣ ወጪው ከታሰበው ቢበልጥ ማን ይሞላል የሚሉት መጻፍ አለባቸው። ደመወዝ ያልተከፈለው ጸሐፊ ጉልበቱም በብር ተተምኖ እንደ መዋጮ ይመዝገብለት። ካልተመዘገበ ፊልሙ ያተረፈ ቀን ጠብ ይሆናል።

ነጋዴው ምን አደረጉ?

ሰኞ ዕለት ነጋዴው ለእህታቸው ልጅ ገንዘብ አልሰጡትም። «ስንት ቦታ ነው የምትቀርጸው?» አሉት። ቆጠረ፤ 23 ሆነ። «ከእነዚህ ውስጥ በነፃ የምታገኘው ስንቱን ነው?» አራቱን ብቻ ነው አለ። «በል እንግዲህ እየቆረጥክ አምጣው፤ ጨርቅም በልክ ነው የሚቆረጠው።»

ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ከአንድ ወር በኋላ የመለሰው ስክሪፕት 84 ገጽ ነው፤ የቦታው ብዛት 7 ሆኗል። ሰርጉ አልቀረም። ነገር ግን ካሜራው ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ከድንኳኑ ጀርባ ድስት ከጣዱ ሦስት ሴቶች ጋር ይቀመጣል፣ እልልታና ከበሮው ከወዲያ ይሰማል። ስለ ሙሽራዪቱ እውነቱን የሚናገሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። 150 ሰው የነበረው ወደ 7 ወረደ። ነጋዴው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይኼኛው ይሻላል፤ የሰርግ ወሬ ያለው ወጥ ቤት ነው» አሉ።

አዲሱ የወጪ ግምት ከመጀመሪያው ከግማሽ በታች ነው። ነጋዴው ግን እሱንም በአንድ ጊዜ አልለቀቁም። ለጊዜው የሰጡት የአሥር ደቂቃ ፊልም የሚያሠራ ገንዘብ፣ ለሁለት እሑድ የመደብሩን ቁልፍና የጭነት መኪናቸውን ነው። የአጭሩ ፊልም ታሪክ የሚፈጸመው በጨርቅ መደብር ውስጥ ነው። የቀረው ገንዘብ የሚለቀቀው አጭሩ ፊልም ካለቀና ልጁ በማያውቃቸው 50 ሰዎች ፊት ከታየ በኋላ እንዲሆን ተስማምተው ሁለቱም ፈርመዋል። የማያውቃቸው እንዲሆኑ ያስጻፉት ነጋዴው ናቸው፤ ዘመድ ጨርቅም ሲገዛ «ያምራል» ነው የሚለው ይላሉ።

አጭሩ ፊልም ይመር አይመር ገና አልታወቀም። የእናትየው የቤት ካርታ ግን ከሣጥኑ አልወጣም።